የጠላው ትርፍ

ሚያዝያ 20
ገበያ ስለሆነ ቤቱ ሞልቶ ዋለ። ጠላው ገና በቀን አለቀ፤ ከቢራው ሁለት ሳጥን ተረፈ። እጄ ጌሾ ጌሾ ይሸታል... ወንድሜ ባዩ ነገ ሒሳብ እንሠራለን ብሏል። ቤቱን ስንከፍት ትርፉን እኩል ልንካፈል ነው የተስማማነው። ድርሻዬን ሳገኝ አልጋ እገዛለሁ። እስከ መቼ ጓዳ ውስጥ ከጋን ጋር እተኛለሁ?

ሚያዝያ 21
ተቃጠልኩ! ባዩ ስልኩን ሲነካካ ቆየና...
«ቢራው በጠርሙስ አስራ አምስት ብር ያተርፋል። መነሻ ብሩ የእኔ ስለሆነ እሱ የእኔ ነው። ጠላው ግን ምንም ወጪ የለውም፤ ገብሱ ከአባባ ማሳ፣ ጌሾው ከአባባ ጓሮ። ስለዚህ የጠላው ትርፍ የአባባ ነው።»
«የእኔስ?»
«አንቺማ እዚሁ እየበላሽ አይደል?»
እየበላሽ!

ሚያዝያ 22
እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ገብሱን ማን ቆላው? ጌሾውን ማን ወቀጠው? ጋኑን ማን አጠነው? ወይስ ገብሱ ራሱ ከማሳ ተነስቶ፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ድረስ መጥቶ ጠላ ሆነ?

ሚያዝያ 26
አባባ ከገጠር መጡ። ደሞዝ ይቆረጥልኝ አልኳቸው።
«እህት ከወንድሟ ደሞዝ? ምን ጉድ ነው! ተባረኪ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ...»
አሜን አልኩ። ምን ልበል? በምርቃት አልጋ አይገዛም። ልብሴን በፌስታል ሰብስቤ ወጣሁ።

ግንቦት 4
ከእኛ ቤት ማዶ ጠላ የሚሸጡት እትዬ የሺ ጋ ተቀጠርኩ። በወር አራት ሺህ። ባዩ ደግሞ በእኔ ቦታ ፈትለወርቅ የምትባል ልጅ አስገብቷል አሉ... በአምስት ሺህ! ለባዳ ሲሆን ደሞዝ አለ ለካ! ጌሾውን ስወቅጥ ሙቀጫው ሊሰነጠቅ ምንም አልቀረው።

ሰኔ 8
ዛሬ ባዩ እትዬ የሺ ቤት መጣ። ከስቷል። አላሳዘነኝም።
«የፈትለወርቅን ደሞዝ ስከፍል ከጠላው የሚተርፍ ነገር ጠፋ። የሆነ ቦታ ሒሳቡን ስቼዋለሁ። ነይ ተመለሽ በቃ።»
የሳተውማ እኔን ነው፤ ፊቱ ቆሜያለሁ! አላየኝም።
«ደሞዜ ስንት ነው?»
«ኧረ ዘርፌ... ወንድምሽ እኮ ነኝ!»
መልስ አልሰጠሁትም። ጠላ ቀዳሁለት። ጠጣ። ደገምኩለት፤ እሱንም ጨለጠና ጋቢውን አስተካክሎ ተነሳ።
«ሃምሳ ብር» አልኩት።
ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ኪሱ ገብቶ መቶ ብር አወጣ። መልሱን ሰጠሁት።