ከቁጥቋጦው የሚወጣው ድምፅ

ሰኞ፣ ግንቦት 4 ቀን 2000 ዓ.ም.

ሦስተኛውን ቅጂ ስሰማ ማዳመጫውን አውልቄ ዞር አልኩ። ከኋላዬ ሰው ያፏጨ መስሎኝ ነበር። ስቱዲዮው ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም።

ሰብለ ናት ያመጣችው፣ የሰፈሬ ልጅ። ስለ ወፍ ነው የምታጠናው። ስለ ወፍ! እናቷ እስከ ዛሬ ለጎረቤት ሐኪም ናት ብለው ነው የሚያወሩት። ከከተማው በላይ ካለው ጋራ፣ ከሦስት ቦታ፣ የንጋት ድምፅ ቀድታልኛለች። አንደኛው ባሕር ዛፉ ሙልጭ ተደርጎ የተቆረጠበት ዳገት ነው፦ ነፋስና ቁራ። ሁለተኛው ባሕር ዛፉ በሰልፍ ቆሞ፣ ሥሩ ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ የተመነጠረበት፦ አልፎ አልፎ እርግብ፣ በቃ። ሦስተኛው ላይ ባሕር ዛፉን መሐል መሐሉን ቆርጠው አራርቀው፣ ከሥሩ ጽድ፣ ወይራና ቀጋ እንዲበቅል ትተውታል። እሱ ሌላ ዓለም ነው። አንዱ ሲያነሳ ሌላው ይቀበለዋል፤ ስንት ዓይነት እንደሆኑ መለየት አቃተኝ።

ይህንንም ሦስተኛውን የደን ጽሕፈት ቤቱ የፊታችን ሰኞ ሊያስመነጥረው ነው። ከዚያ በፊት ያለው ዕድል ዓርብ እዚሁ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ የሚደረገው ስብሰባ ብቻ ነው። ሰብለ ድምፁን ልታሰማቸው አስባለች። "ወረቀቴን አያነቡትም፤ ማለቴ፣ ጆሮ ግን አላቸው አይደል?" አለችኝ።

መብራት በፈረቃ ሳይሄድብኝ ድምፁን አጠራሁላት። ከጀርባ ሽሽሽ የሚል ነገር ነበረው፤ ድራሹን አጠፋሁት። ለሠርግ ዘፈን እንኳ እንዲህ ተጠንቅቄ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ጉድ ሆኛለሁ።

ሰብለ መጥታ ሰማች። መልሳ ሰማች። ፊቷ ተለወጠ።

"የት ሄደች?"

"ማን?"

"ያቺ ድምፀ ቀጭኗ!"

ያ ሽሽሽ የሚለው ነገር ወፍ ነበር። አውራ ጣት የምታክል፣ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ከሌለ የማትኖር ወፍ። ሰብለ በተመነጠረው በኩል አንድም ቀን ሰምታት አታውቅም። ለዓርብ ዋና ምስክሯ እሷ ነበረች። እኔ ካሴት ሽሽሽ ሲል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው፣ ሽሽታ ክንፍ ይኖረዋል ብዬ በምን ልጠርጥር?

ዋናው ቅጂ የለም፤ ያጠራሁትን በላዩ ላይ አስቀምጬበታለሁ። መቅረጫዋም ስለሞላባት ቅዳሜ እኔ ጋ ገልብጣ አጥፍታዋለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀምም አይደለም።

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ነገ ጎህ ሳይቀድ አብረን ልንወጣ ተስማማን፤ የስቱዲዮውን ጥሩ ማይክ እይዛለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ዝናብ። ጋራው ላይ ደርሰን ጥበቃው ቤት በር ላይ ተጠልለን ዋልን ማለት ይቻላል። ጥበቃው፣ ጋሽ ታዬ፣ "ለወፍ ብላችሁ ነው እንዲህ የምትበሰብሱት?" እያሉ ሳቁብን። ማይኩን በጃኬቴ ጠቅልዬ እኔ ረጠብኩ። አንዲትም ወፍ ትንፍሽ አላለችም።

ጉንፋን ጀምሮኛል። የቀረን ነገ ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ጨለማ ነበር። መጀመሪያ የተቆረጠውን ዳገት አቋረጥን፤ ጉቶ እየመታን። ከዚያ የተመነጠረው ባሕር ዛፍ ውስጥ ገባን። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ለፎቶ የሚሆን። ግን ከእግራችን ኮሽታ በቀር ምንም የለም፤ ሳላስበው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማውራት ጀመርኩ፤ ሰው የሞተበት ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ቁጥቋጦው ዳር ስንደርስ ሰብለ እጄን ያዝ አድርጋ አስቆመችኝ። ማይኩን ተከልኩ። ብርዱ አጥንት ይገባል።

አንዷ ጀመረች። ከዚያ ከወይራው ውስጥ ሌላ መለሰላት። ከዚያ ከታች፣ ከላይ፣ ከግራ... መሬቱ ራሱ የሚዘምር መሰለኝ። የዘፋኝ ድምፅ ስቀዳ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። በዚህ ሁሉ መሐል ሰብለ በጣቷ አሳየችኝ። ቀጋው ላይ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ያቺ ያጠፋኋት ወፍ። ጉሮሮዋ ይርገበገባል፤ ሽሽሽ... መላ ሰውነቷ ድምፅ ሆኗል። ዕንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም። ይኼ ሁሉ ከካዛንቺስ በላይ በየቀኑ ሲሆን እኔ የት ነበርኩ?

ስንወርድ የተመነጠረውንም እንደ አዲስ ቀዳነው። አንድም ነገር አላጠራሁም። ሽሽታውም፣ የእኔ ሳልም እንዳለ ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

አሁን ገባሁ።

አዳራሹ ሞልቷል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሸበቶ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ያሉትም ከንቱ አይደለም፦ ቁጥቋጦ በበጋ እሳት ያስነሳል፣ ጅብ ይደብቃል፣ ዛፉንም ያቀጭጫል። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ሰብለ ተነስታ ብዙም ሳታወራ ወደ እኔ አየች። መጀመሪያ የተመነጠረውን ከፈትኩት።

ምንም። ከውጭ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይገባል፤ ከድምፅ ማጉያው ግን ምንም። ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ኃላፊው ወደ እኔ ዞረው፣ "ልጄ፣ መሣሪያው ተበላሸ እንዴ?" አሉኝ።

"አልተበላሸም፣ ጋሼ። እየሠራ ነው። ቦታው ነው" አልኳቸው።

ከዚያ የሐሙሱን ንጋት ለቀቅኩት። ሻይ የምታድለው ልጅ ትሪዋን ይዛ ቆመች። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሲያልቅ፣ "ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት።

"መጀመሪያ ያሰማኸንን ቦታ እኔ ነኝ ያስመነጠርኩት" አሉ ቀስ ብለው። "ለእንግዳ ሁሉ የማሳየው እሱን ነው።"

መነጽራቸውን አንስተው መልሰው አደረጉ።

"ሰኞ ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም።"

ሰብለ፣ "ከዚያ በኋላስ?" አለች።

"ከዚያ በኋላ የማውቀው ነገር የለም። መጀመሪያ እኔው በጆሮዬ ልስማ።"

እሁድ ጎህ ሳይቀድ አብረውን ሊወጡ ነው። ወፎቹ እንዳያሳፍሩን ብቻ።