ከሐይቁ ዳር የቀረው መቀነት

ቦንጋ፣ ኅዳር 9 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብርሆት፣

ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ፣ አብርሆት። ሰው ሁሉ ሌላ ስም ይጠራልኛል። እትዬ በዛወርቅ «ያ ደላላው ቀጸላ ነው ልጅቷን ያሳታት» ትላለች። ጋሽ ሣህሌም ማኅበሩን ወደ ጣና ይዘው የሄዱት እሳቸው ስለሆኑ፣ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ባርኔጣቸውን አውልቀው «ጥፋቱ የኔ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን ደላላውን አላውቀውም። ለጋሽ ሣህሌም አደራ አልሰጠሁም። አደራ የሰጠሁት ላንቺ ነው።

እንዴት ነሽ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ደብዳቤ የሚጀመረው እንደዚያ ነው ብለሽ አስተምረሽኛል። እንግዲህ እንዴት ነሽ? እኔ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ። ላሟ ወልዳለች። ማንኪራ ያለው ቡናችን ቀልቶ ለቀማ ጀምረናል፤ ዝናቡ ግን አልተወንም። ወንድምሽ ኢያሱ ሺሺንዳ አስተማሪ ሆኖ ተመድቧል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ስምሽን አያነሳም፣ እኔም አላነሳበትም።

ደብዳቤሽን ያመጣልኝ ባለሱቁ ሰማን ነው። ካርቱም ያለው ወንድሙ ልኮለት።

«እትዬ ዓባይነሽ፣ ከልጅዎ ነው። ላንብብልዎት?» አለኝ።

«እኔ ራሴ አነባለሁ» አልኩት።

«እርስዎ?» አለና ደንገጥ ብሎ ሚዛኑን መወልወል ጀመረ። እቤቴ ወስጄ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

አሁን ግብፅ ነሽ። በዓባይ ላይ በሚመላለስ የቱሪስት መርከብ ውስጥ አንሶላ ታጥቢያለሽ። ሰዎቹ ለሽርሽር የመጡ ናቸው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይበላሉ፣ ከላይ ፀሐይ ላይ ይጋደማሉ። ገንዘባቸውን ክፍላቸው ባለ የብረት ሣጥን ቆልፈውበት ይወጣሉ። እናንተ አምስት ልጆች ደግሞ ከታች፣ ውሃው ከመስኮቱ በላይ በሆነበት ክፍል ትተኛላችሁ፤ በሩ ቁልፍ የለውም። የአንዷ ልጅ የሁለት ወር ደመወዝ ከትራሷ ሥር ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም ብለሽኛል። ቀጥለሽም እንዲህ ብለሽ ጻፍሽ፦ «እማዬ፣ ከሰው ሁሉ የማምነው አንቺን ብቻ ነው። ደመወዜን በየወሩ በሰማን በኩል ልላክልሽና እስክመጣ ያዥልኝ። አደራ።»

አደራ። ይህችን ቃል ስትጽፊ ምን ትዝ አለሽ?

መልሴን ከመስጠቴ በፊት የሆነውን ሁሉ ልጻፍልሽ። አንቺ የምታውቂው እስከ ሐይቁ ዳር ያለውን ብቻ ነው። የቀረውን የማውቀው እኔ ነኝ።

አሥር ዓመትሽ ላይ ማጅራት ገትር ይዞሽ ሐኪሙ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ለኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ ተሳልኩ። ተረፍሽ። ስለቱን ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳላደርስ ቆየሁ። በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት የካቲት ላይ ጋሽ ሣህሌ ማኅበሩን ጣና ይዘው እንደሚሄዱ ሲሰማ፣ «እማዬ፣ እኔም ልሂድ፤ ስለቱ የኔ አይደል እንዴ?» ያልሽው አንቺ ነሽ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ገንዘቡን ከባንክ አውጪ ያልሽኝም አንቺ ነሽ። «ይህ ደብተር የሚሠራው እዚሁ ቦንጋ ነው። ሌላ አገር ብታሳዪአቸው፣ ከተከፈተበት ሂጂ ነው የሚሉሽ። የቤታችንን ክዳን ቆርቆሮ ስንመለስ ከአዲስ አበባ የምንገዛ ከሆነ ጥሬውን መያዝ ነው» አልሽኝ። ሄጄ ጠየቅኩ፣ እውነትሽን ነበር። ሰባት ሺህ አራት መቶ ብር፤ የአራት ዓመት ማርና ቡና።

አያያዙንም ያሳየሽኝ አንቺ። «ሁሉንም አንድ ቦታ አታድርጊ» አልሽ። ትልቁን በመቀነቴ እጥፋት ውስጥ፣ መመለሻችንን በውስጥ ልብሴ ጠርዝ ሰፋን፤ ለሻይና ለምጽዋት የሚሆነውን በእጄ ያዝኩ። መርፌውን ክር የምታስገቢልኝ አንቺ ነበርሽ። «ስትከፍዪ ከእጅሽ ብቻ ክፈዪ። ሰው ፊት መቀነትሽን እንዳትነኪ» አልሽኝ። አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ እጄ ወደ ወገቤ በሄደ ቁጥር በክርንሽ ጎሸም ታደርጊኝ ነበር። እንዲህ ያለች አስተዋይ ልጅ ስለወለድኩ በልቤ ኮራሁ።

ሐይቁን ሳየው ወደ ኋላ አልኩ። እኔ ወንዝ እንጂ ሐይቅ የት አውቃለሁ? የአባቴን ነገር ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ነግሬሻለሁ። ከነጋዴዎች ጋር የጎጀብን ወንዝ ሲሻገር፣ ከነጋዴዎቹ አንዱ፣ ጠገራ ብር ወገቡ ላይ የታጠቀው፣ መካከል ላይ እግሩ ከዳው። ሌሎቹ እየዋኙ ወጡ፤ እሱን ብሩ ይዞት ወረደ። አባቴ ያንን ካየ ወዲህ በእኛ ቤት ሰውና ገንዘብ በአንድ ጊዜ ውሃ አይሻገሩም። ሰው አስቀድሞ ይሻገራል፣ ገንዘቡ ከታመነ ሰው ጋር ዳር ይቆያል። ማንኪራ ያለውን ቡና አይቼ ልመለስ ስል እንኳ፣ በጋ ላይ ውሃው ቁርጭምጭሚት በማያልፍበት ጊዜ፣ ብሬን ላንቺ ሰጥቼ ነበር የምሻገረው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ «እማዬ፣ ኧረ የወረቀት ብር ሰው አያሰምጥም!» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። እንደማያሰምጥማ እኔም አውቃለሁ። ልማዴን ግን ካንቺ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ያን ዕለት ጠዋት ጀልባው ላይ ልንወጣ ስንል ራሴን አዞረኝ ብለሽ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሽ። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ» አልሽ። ባለ ጀልባው ያንን ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬት ሲያለብሰን እኔ መቀነቴን ስፈታ አየኝ።

«እናቴ፣ ይህ የሞተር ጀልባ ነው፣ አይሰምጥም» አለኝ እየሳቀ።

እትዬ በዛወርቅ ቀበል አድርጋ፣ «ተዋት ልጄ። የዚህችን ቤት ሰው አታውቀውም፤ ቢሰምጥም ብሩን አትርፎ ነው የሚሰምጥ» አለች። ሁሉም ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ። መቀነቱን በሁለት እጅሽ ተቀበልሽኝ።

«አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር» አልኩሽ።

«እሺ እማዬ። ሂጂ፣ አታስቢ» ብለሽ ጉንጬን ሳምሽኝ።

ደሴቱ ላይ ጃንጥላውን አስረከብኩ። «ልጄን ስለተውሽልኝ» እያልኩ ሰገድኩ። መነኩሴው «ልጅቷ የታለች?» ቢሉኝ፣ «ከወዲያ ማዶ ትጠብቀኛለች አባቴ» አልኳቸው። እሳቸውም በረከቱ ከማዶም ሆነሽ ይድረስሽ ብለው መረቁሽ። ያን ሰዓት የት ደርሰሽ ነበር? ወረታን አልፈሽ ነበር?

ስንመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ድንጋዩ ላይ የለሽም። ሻይ የምትሸጥ ሴት ወደ እኔ መጣችና መቀነቴን ሰጠችኝ። «ልጅሽ፣ እናቴ ስትመጣ ስጪልኝ ብላ ጠዋት ትታው ሄደች» አለችኝ። አጣጥፈሽዋል። ልብስ እንደምታጣጥፊው፣ ጠርዙን ከጠርዙ አገናኝተሽ። ውስጡ ወረቀት ብቻ ነበር።

በልቤ ማንበብ ያኔ ገና አልለመድኩም። ፊደሉን በአፌ ካላወጣሁት አይያዝልኝም ነበር፤ ይህንንም ታውቂያለሽ። ስለዚህ አርባ ሰው ቆሞ እየሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። «እ… ማ… ዬ… መ… መ… ለ… ሻ… ሽ…» ጋሽ ሣህሌ ገባቸው። «ዓባይነሽ፣ ተዪው፤ ኋላ ታነቢዋለሽ» ብለው ከእጄ ሊወስዱት ሞከሩ። አልሰጠኋቸውም። የጀመርሽውን ሳትጨርሺ አትተዪ ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ሁሉንም አነበብኩት። «እማዬ፣ መመለሻሽ በልብስሽ ጠርዝ አለ። አትፈልጊኝ። እጥፍ አድርጌ እመልስልሻለሁ። ይቅር በይኝ። አብርሆት።» ስምሽ ላይ ስደርስ በዛወርቅ፣ «ወይኔ በቀልዴ!» ብላ አፏን ያዘች።

ሁለት ክረምት ሙሉ፣ የእንሰት ቅጠል ጀርባ ላይ በእሾህ እየጫርሽ ሀ ሁ ስታስቆጥሪኝ፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ እጄን ይዘሽ ስታጽፊኝ፣ ጎረቤት ሁሉ «ዓባይነሽ ተባረከች» ይል ነበር። እኔም እንደዚያ አልኩ። አሁን ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ፊደል ያስቆጠርሽኝ ያችን ወረቀት ራሴ እንዳነባት ነው? ይህን ጻፊልኝ። ሌላውን ሁሉ ባትመልሺ ይህን መልሺልኝ።

አትፈልጊኝ ብትዪም ፈለግኩሽ። ማኅበሩ ሲመለስ እኔና በዛወርቅ ቀረን። ሦስት ቀን መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ በሹፌር ሁሉ ፊት ፎቶግራፍሽን ዘረጋሁ። አንዱ ትኬት ቆራጭ አየውና፣ «ይቺን? ከሁለት ልጆች ጋር ለጎንደር ቆርጬላታለሁ። ከዚያ መተማ ነው፣ እናት። ከመተማ ወዲያ እኛ አንቆርጥም» አለኝ።

ቆርቆሮው አልተገዛም። ክዳኑ እንደምታውቂው ነው፤ በአልጋሽ በኩል ያፈሳል፤ አልጋሽን ወደ ግድግዳው አዛውሬዋለሁ። ገበያ ላይ አንዷ ማር ሻጭ በዋጋ ብንጣላ፣ «አንቺ ደግሞ፣ ጀልባ ፈርተሽ ልጅሽን ከነብሩ የሸኘሽ!» አለችኝ። ማሬን ሰብስቤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ገበያ የሚወጣልኝ ኢያሱ ነው።

ብሩ አላቃጠለኝም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር። አልቅሼ፣ ተሳድቤ፣ በመጨረሻ እሰጥሽ ነበር። ጠይቀሽ እንድትሄጂ አልፈለግሽም። በአባቴ ነገር፣ በፍርሃቴ፣ በስለቴ በኩል መንገድ አበጅተሽ ሄድሽ። ሌባ ቤት ሲገባ አጥር ነው የሚጥሰው፤ አንቺ የጣስሽው እኔን ነው።

ሁለት ጊዜ ስልክ ደውለሽ ዘግቼብሻለሁ። በሁለተኛው ጊዜ ሳልሽን ሰምቻለሁ። ከታች፣ ከውሃው ሥር መተኛቱ አይስማማሽም። ማር በሙቅ ውሃ ጠጪ፣ ከተገኘ።

አሁን መልሴ ይኸውልሽ። ገንዘብሽን አልይዝልሽም። ከደብዳቤው ጋር የላክሽውንም በእጄ አልነካሁትም፤ ሰማን በመጣበት መንገድ ይመልሰዋል። የጠየቅሽኝን ግን ስለማውቀው ልንገርሽ።

ከትራስ ሥር አታድርጊ፤ ሌባ መጀመሪያ የሚያነሳው ትራስ ነው። ከፍራሽም ሥር አታድርጊ። ደመወዝ በተቀበልሽበት ቀን ሻንጣሽን አትክፈቺ፤ ያን ቀን ሁሉም ዓይን ይነቃል። የምታጥቢው አንሶላ መካከል እደብቃለሁ ብለሽ ደግሞ እንዳታስቢ፤ አንሶላው የሰው ነው፣ ተሰብስቦ ይሄዳል። ወደብ ስትወርዱ የምትገዢበትን ብቻ በእጅሽ ያዢ፣ የቀረው ከገላሽ አይለይ። ውሃ ላይ ነሽና ወረቀቱ ይረጥባል፤ ጨርቁን በሰም ንከሪው፣ ውሃ አይገባውም። መርከቡ ላይ አለቃሽ ደህና ሰው ከሆነ፣ እንግዶቹ የሚቆልፉበት ዓይነት ሣጥን ለእናንተም እንዲሰጣችሁ አምስታችሁም አንድ ላይ ጠይቁት፤ ብቻሽን አትጠይቂ። ለጠየቀሽ ሁሉ ደግሞ «ለእናቴ ልኬዋለሁ» በዪ። በዚያ ልትዋሺብኝ ትችያለሽ።

የአባቴንም ነገር አትርሺ። ያ መርከብ አንድ ነገር ከሆነ፣ ገንዘቡን ተዪው። ፍቺና ጣዪው። አንቺ ውጪ።

ኪዳነ ምሕረት በሄድሽበት ትከተልሽ። ስለትሽ ተከፍሏል፣ ከእሷ ዘንድ ዕዳ የለብሽም። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ አለቃ፣ ከጥልቅ ውሃ ትሰውርሽ። እንጀራሽን የሰው አታድርግብሽ። እርጅናሽን በልጆችሽ መካከል ታድርገው፤ የሚያምኑሽ ልጆች ትስጥሽ፣ አንቺም እመኛቸው።

እናትሽ
ዓባይነሽ

ይህ ደግሞ ቀረኝ። የሰማን ሚስት ረቢያ በሚመጣው ወር ካርቱም፣ ወንድሙ ዘንድ ትሄዳለች። ከዚህ ወረቀት ጋር የተጠቀለለውን እሷ ትይዘዋለች። አደራ አላልኳትም፤ ከደረሰ ይድረስ ብያታለሁ። መቀነቴ ነው። እጥፋቱን በማንኪራ ሰም ነክሬ እንደገና ሰፍቼዋለሁ። ዓይኔ ስለደከመ ስፌቱ ትንሽ ጠማማ ነው፣ ግን አይለቅም። ባዶ ነው፣ አንቺ እንደመለስሽልኝ። ከልብስሽ ሥር ታጠቂው፣ ሰው ፊት አትንኪው። እኔ ከእንግዲህ መቀነት አልታጠቅም።