ከጋዋኔ የሰፋሽልኝ ትራስ

…ኪሱን ግን አልቆረጥሽውም ነበር። ነጩን የመምህርነት ጋዋኔን በመቀስ ስትከፍቺው፣ እጅጌውን ስትጥዪ፣ አሮጌ ጨርቅ ስትጠቀጥቂበት አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አይሽ ነበር። ጌታ ሥራህን ተውና በፊቴ ቁም ብሎኛል ካልኩሽ ገና ሳምንቱ ነበር። አልተከራከርሽኝም። ሲሚንቶው ጉልበትህን እንዳይጎዳህ ብለሽ የመንበርከኪያ ትራስ ሰፋሽልኝ።

ጫልቱዬ፣ ከተለየሽኝ ሰባት ወር ሞላ። ትራሱ አለ። እኔም እላዩ ላይ አለሁ።

ምን ልንገርሽ። ጓሮ ያለውን የድንች መደብሽን አረም ወርሶታል። ጎረቤታችን ኦቦ ደሜ ሁለት ቀን ዶማ ይዘው መጡ፤ እኔ ጸሎት ላይ ነበርኩ፤ ብቻቸውን ኮትኩተው ሄዱ። በሦስተኛው አልመጡም። አሁን በአጥሩ በኩል ሲያልፉ አካም ጅርታ ብለው ሰላም ይሉኛል፣ መልሱን ሳይጠብቁ።

ጸሎት ላይ ነበርኩ አልኩሽ። እውነቱን ልንገርሽ? ተንበርክኬ ነበር። ከአንቺ ወዲህ አንድ ቃል አይወጣኝም። በፊትም ቢሆን ስንቱን ቀን እንደ ተንበረከክሁ እንቅልፍ እንደወሰደኝ ታውቂያለሽ። በሩን ቀስ አድርገሽ የምትከፍቺው እንዳትረብሺኝ ነበር ወይስ እንዳታሳፍሪኝ?

አንቺ ዶማ ይዘሽ ነበር የምትጸልዪው። ዓይንሽን ሳትጨፍኚ። ከጉደር ሽንኩርት ተሸክመሽ ስትመጪ ከንፈርሽ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድካሙን የምትረግሚ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ስትወጪ በሩ ላይ ቆም ብለሽ «ጃባዱ» ትዪኛለሽ፤ በርታ። ለተቀመጠ ሰው።

ደረቴን ከበደኝ ያልሽኝ ቀን እጄን ጭኜ ጌታ ይዳስስሽ አልኩ። ሐኪም ቤት አብረን እንሂድ ስትዪኝ፣ ጸሎቴን ልጨርስና አልኩሽ። ስጨርስ ገበያ ሄደሻል። ከገበያ ሰዎች ተሸክመው አመጡሽ።

ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስለ ታካች ሰውና ስለ ጉንዳን ተሰበከ። ማንም ወደ እኔ አልዞረም። እሱ ነው የከፋው።

ልጃችን ለሊሴ ዩኒቨርሲቲውን አቋርጣለች። ሽንኩርቱን አሁን የምታመጣው እሷ ናት። እጇ ያንቺን እጅ መምሰል ጀምሯል፤ አውራ ጣቷ ላይ ያው ስንጥቅ። ጉደር አንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ይፈልጋል፤ ማመልከቻውን ራሷ ጻፈችልኝ። እኔ ከተቀጠርኩ እሷ ወደ ትምህርቷ ትመለሳለች። የቅጥሩ ምዝገባ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። ሸሚዜን ተኩሳ፣ ማስረጃዬን ፋይል ውስጥ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኛለች። ይህን የምጽፍልሽ ወረቀቱን ፋይሉ ላይ አስደግፌ ነው።

ቅድም «አባዬ፣ ሚኒባሱ ሊሞላ ነው» አለችኝ።

ትንሽ ጸልዬ ልምጣ አልኳት።

«እማዬም ይህንኑ ‹ልምጣ›ህን ስትጠብቅ ነው የሞተችው።» ድምፅዋን አላነሳችም።

ትናንት የትራሱ ስፌት ተተረተረ። ኪሱ ወደ ውስጥ ተገልብጦ ነበር፤ በውስጡ የጠመኔ ቁራጭ። ስምንት ዓመት ግራ ጉልበቴን ሲወጋኝ የኖረው እሱ ነው፤ እኔ የትጋት ምልክት ነው እል ነበር። ረስተሽው ነው? አውቀሽ ነው? ብትኖሪ ልጠይቅሽ እችል ነበር፤ በሕይወት ሳለሽ ግን ምንም አልጠየቅሁሽም።

ጠመኔው እጄ ላይ ነው። አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ጉደር ሩቅ አይደለም። አሁን ብነሳ እደርሳለሁ። አሁንም ብነሳ።

አልረሳሁሽም፣ ጫልቱዬ። በየቀኑ አስብሻለሁ። ሳይታክተኝ የምሠራው እሱን ብቻ ነው።

ለሊሴ የሽንኩርቱን ጆንያ አነሳች። ፋይሉን አየችው፤ እኔን አየችኝ። በሩ ላይ ቆም አለች።

«ጃባዱ» አለችኝ።

በሩ ተዘጋ።