አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?

ውድ አባዬ፣

አንተ ካረፍክ ወዲህ ሁለተኛውን ያሆዴ፣ ዘመን መለወጫችንን፣ አከበርን። የሞርሲቶው ቤት እንደነበረ ነው ብልህ ደስ ባለኝ፤ ግን አይደለም። እማዬ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንሰት ትፍቃለች እንጂ እንደ ድሮው አትጫወትም። የሽምግልናው አግዳሚ ወንበር አሁንም ደጃችን ላይ አለ። ያንተ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ግን እስካሁን አልተገኘም።

እኔ ያው ሆሳዕና፣ የሐኪሞች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነኝ። መጽሐፍ ማዋስም ሥራ ሆነ እያልክ ትቀልድብኝ ነበር። አሁን ሥራ ጨምረውልኛል፤ ሐኪሞቹ የሚሰጡት ሕክምና በጥናት የተደገፈ መሆኑን እንዴት ፈልገው እንደሚያገኙና እንደሚመዝኑ አስተምራለሁ። የመጀመሪያው ቀን ጉድ ሆንኩልህ። ስፔሻሊስቱ ቀድሞ ሐሳቡን ተናገረ፤ ወጣቶቹ በሙሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አለቀ። በእኛ አገር አንጋፋ ከተናገረ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል! ኃላፊዬ አንድ ጊዜ ደግመሽ ሞክሪ፣ ካልሆነ ይቅር አለኝ። የዚያን ቀን ያህል ናፍቀኸኝ አታውቅም።

ሽምግልና ስትቀመጥ ትዝ አልከኝ። በመጀመሪያ ጠቡ ምን እንደሆነ ባጭሩ ታስነግራለህ። ቀጥሎ የሚናገረው ከሽማግሌዎቹ ታናሹ ነው፤ የአንተ ቃል መጨረሻ ላይ። ምስክር ሲመጣ ደግሞ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል ትለዋለህ። የሰማ ከሆነ የነገረው ሰው ይጠራል።

ይህንኑ ይዤ ገባሁ። ጥያቄያቸውን ባጭሩ አስነገርኳቸው፤ ታካሚው ማን ነው፣ ምን እናድርግለት፣ ከየትኛው ሕክምና ይሻላል ብለን፣ ምን እንዲሆንለት? ታናሿን ሐኪም ቀድማ እንድትናገር አደረግኩ። ጥናቶቹን እንደ ምስክር አቆምናቸው፤ ራሳቸው መርምረው ነው ወይስ ሌላ ጠቅሰው? የመረመሯቸውስ ሰዎች የእኛን ታካሚዎች ይመስላሉ? ስፔሻሊስቱ ተራው እስኪደርስ እየሳቀ ጠበቀ።

ነገሩ ሲሰምርልኝ ጊዜ ስለ ስኳር ሕመምተኞች ቁስል አንድ ጥናት በልበ ሙሉነት ጠቀስኩ። ያቺው ታናሿ ሐኪም እጇን አወጣች። «ይቅርታ፣ ሙሉውን አንብበውት ነው ወይስ ሰምተው?»

ያነበብኩት ማጠቃለያውን ብቻ ነበር። ኃላፊዬ ኋላ ተቀምጦ እያየኝ፣ አላነበብኩትም አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ጥናቱን አውጥተን አንድ ላይ አነበብነው፤ ሰዓቱ ሲያልፍ የተነሳ የለም። ኃላፊዬ ሲወጣ በየሳምንቱ ይቀጥል አለኝ። ጥያቄው የአባቴ ነው ብዬ ልነግራቸው ፈልጌ እንባዬ ቀደመኝ።

ስለ አንተ ብዙ ይወራል፣ አንዳንዱም ተጨምሮበታል። ለልጆቼ ስነግር ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ እያልኩ ነው፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ አስታውስሃለሁ። እወድሻለሁ ብለኸኝ አታውቅም፤ በእናንተ ዘመን አባት እንዲህ አይልም። ሆሳዕና ተማሪ ሳለሁ ግን በዝናብ ከሞርሲቶ ቆጮ ይዘህልኝ መጥተህ፣ በር ላይ ሰጥተኸኝ ሳትቀመጥ ትመለስ ነበር። እንደምትወደኝ ከማንም አልሰማሁም፣ አባዬ። አይቻለሁ።

ልጅህ