እርቁ ይሰረዝልን፣ የቡሬና የዳልቻ ጠብ ይመለስልን

ወረታ፣ ቅዳሜ፣ የካቲት 14 ቀን

ለተከበሩ አቶ ይርዳው፣ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ሰብሳቢ፤
በእርስዎም በኩል ለተከበሩ ሐጂ መሐመድዘይን፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ከሁሉም በላይ ሰው ለማስታረቅ የማይደክመው አንደበትዎ ደህና ነው ወይ? እኔ ለእርቅዎ ምስጋና ይግባውና ከማንም ጋር ሳልጣላ፣ ከማንም ጋርም ሳልጫወት በፍጹም ሰላም እገኛለሁ። ሰላሙ ቢበዛብኝ ነው ይህን ግልጽ ደብዳቤ ጽፌ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ የላክሁት፣ ሌላውን ደግሞ በሩዝ መፈልፈያው በር ላይ የለጠፍሁት።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ ዘመኑ እባላለሁ። በደብረ ታቦር መውጫ ባለው መፈልፈያ ማሽኑን የማስነሣውና የማጠፋው እኔ ነኝ። በሕዝብ ዘንድ ግን «ተንታኙ» በሚል ስም እታወቃለሁ፤ ስሙን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ሙያዬም ቅይጥ ማርሻል አርት በሚባለው፣ ሁለት ሰዎች በሽቦ አጥር ውስጥ ገብተው በቡጢ፣ በእርግጫ፣ በትግልና በማነቅ በሚፋለሙበት ጨዋታ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ መናገር ነው። በዚህ ሙያዬ ባለፈው ዓመት ከሠላሳ አንድ ፍልሚያ ሰባቱን በትክክል ተንብያለሁ። ከይፋግ ሩዝ የሚያመጣው አንለይ የሚባል ገበሬ እኔ ያልሁትን ገልብጦ ስለሚወስድ ሃያ አራቱን አውቋል፤ ቢሆንም ያወቀው በእኔ ነውና ሙያው የእኔ ነው እላለሁ። ራሴ በሕይወቴ የተፋለምሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በጀርባው የተኛ ሰው ከላዩ ያለውን ባላጋራ በእግሩ አንቆ እንዴት እንደሚያሸንፍ ሩዝ ሊያስፈለፍል ለተሰለፈው ገበሬ በተግባር ላሳይ ብዬ ሙሉ የሩዝ ጆንያ በላዬ ላይ አስጭኜ ነበር። ጆንያው አሸነፈኝ፤ ከሥሩ ጎትቶ ያወጣኝ አሚር ነው።

አሚር ማለት ከመፈልፈያው ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጠው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሑድ ጠዋት በእሱ ሱቅ ስልኩን በጣቃ ላይ አስደግፈን ፍልሚያ ስናይ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ደግሞ በሰልፈኛው ፊት ስንከራከርበት ኖረናል። ገበሬዎቹ የተፋላሚዎቹ ስም ምላሳቸው ላይ ስለማይቀመጥላቸው እንደ በሬ በመልካቸው ይጠሯቸዋል። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ከተፋለሙት ሁለቱ፣ ገላው በንቅሳት የተዥጎረጎረውን «ቡሬ»፣ ጢሙ አመድ የመሰለውን «ዳልቻ» አሏቸው። እኔ ቡሬ በሁለተኛው ዙር ይዘርረዋል ብዬ አወጅሁ። ቡሬም አልዘረረም፤ አምስቱንም ዙር ተፋልመው ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ለዳልቻ ሰጡ። እኔ ቡሬ ተዘረፈ አልሁ፤ አሚር ደግሞ ሦስተኛው ዙር ሁሉን ወስኗል፣ ዳልቻ ይገባዋል አለ። ስንከራከር ቆይተን አንድ ቀን በሰልፈኛው ፊት፣ አንተ ጨርቅህን ለካ፣ ስለ ወንድ ልጅ ጠብ ምን ታውቃለህ አልሁት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አሚር መልስ ሳይሰጠኝ መንገዱን ተሻግሮ ሱቁ ገባ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ወር ሙሉ ወደ እኔ አልመጣም። ያን ጊዜ ነው እናንተ ደጋጎቹ የደረሳችሁልን።

ስለዚህ እርቅ ያለኝን ቅሬታ፣ በክብርዎ ፊት ዝቅ ብዬ፣ በቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. በእርቁ ቀን በመፈልፈያው ጥላ ሥር ጆንያ ላይ እንደተቀመጣችሁ መጀመሪያ እርስዎ የጠየቁት፣ ቡሬና ዳልቻ በምን ተጣሉ የሚለውን ነው። በድንበር ነው፣ በውርስ ነው፣ ወይስ በከብት፣ የጠቡን መነሻ ሳያውቅ የሚፈርድ ሰው እግዜርን አይፈራም አሉ። እኔ የዘጠኝ ዓመት ተንታኝ የሁለቱን የክንድ ርዝመት፣ የክብደታቸውን ልክ፣ የአሠልጣኞቻቸውን ጠባይ አውቃለሁ፤ በምን እንደተጣሉ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። እንዲያውም ከዚያ ቀን በፊት አይተዋወቁም ብል ሐጂ መሐመድዘይን ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። አሚር ደግሞ፣ ሲጨርሱ ተቃቅፈዋል ብሎ እውነቱን ሲናገር ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። እርስዎም፣ ባለቤቶቹ ታርቀው የምትጣሉት እናንተ ምናቸው ናችሁ፣ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ብለው የእኔን የዘጠኝ ዓመት ትንተና በአንድ ተረት ከገለባው ጋር ስላበራዩልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

2ኛ. እንግዲያውስ ፍልሚያው ይታይ ተብሎ በአሚር ስልክ ሲከፈት፣ ገና በመጀመሪያው ዙር የዳልቻ ጀርባ መሬት ነካ። እርስዎም በእረኝነት ትግላችን ሕግ ጀርባው መሬት የነካ ወድቋል፣ ሌላ የሚታይ የለም ብለው ስልኩን አስዘጉ። እኔ የቡሬ ደጋፊ ነኝና ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል ሐጂ ደግሞ የወደቀን ሰው የሚመታ ነውረኛ ነው፣ ቡሬም አላሸነፈም አሉ። በዚህ ዓይነት ባሕር ማዶ ያሉ ሦስት ዳኞች በአምስት ዙር ያልቻሉትን እናንተ በአርባ ሴኮንድ ሁለቱንም አሸንፋችሁ አሰናበታችሁ። ሦስተኛው ዙርም ሳይታይ ቀረ። ለዚህ ብቻ በዚያን ዕለት ከልቤ አመስግኛችሁ ነበር፤ ምክንያቱን ወደ ታች አመጣዋለሁ።

3ኛ. ከዚህ በኋላ በመካከላችሁ ስለ ፍልሚያ የሚባል ነገር እንዳይነሣ ብላችሁ ቃል አስገባችሁን፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ እናንተም መርቃችሁን ሄዳችሁ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እኔ እንዴት አደርህ እለዋለሁ፣ እሱ አልሐምዱሊላህ ይለኛል፤ እሱ እንዴት አደርህ ይለኛል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እለዋለሁ። ከዚያ ሁለታችንም መንገዱን እናያለን። ስለ አየሩ ለመጫወት ሞክረናል። ስለ ርብ ወንዝ ሙላትም ሞክረናል፤ ርብ በበጋ ስለማይሞላ ግን ያለፈውን ክረምት ሙላት ሁለት ጊዜ ደጋገምነውና አለቀብን። እሱ ስለ ጨርቅ ሲያወራ እኔ አዛጋሁ፣ እኔ ስለ ማሽኑ ቀበቶ ሳወራ እሱ አዛጋ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንት ወንድም እንዳለው ጠይቄው አላውቅም ኖሯል። አራት ናቸው።

ባለፈው ሳምንት አሚር ሱቁን ዘግቶ ወደ ባሕር ዳር ሊዛወር መሆኑን ሰማሁ። የሰማሁት ከራሱ አይደለም፤ የእሱ ባለቤት ሰብሪና ለእኔ ባለቤት ለማስተዋል ነግራት፣ ማስተዋል ለእኔ ራት ስታቀርብ እግረ መንገዷን ነገረችኝ። ጠዋት መንገዱን ተሻግሬ ሄጄ ጠየቅሁት። ኢንሻአላህ በወሩ መጨረሻ ነው አለኝ። እኔም፣ መልካም ይሁንልህ ብዬው ተመለስሁ። የሄድሁት አትሂድ ልለው ነበር። እኔና እሱ ግን ከእናንተ እርቅ በፊትም ሆነ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ተነጋግረን ስለማናውቅ ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ። ቀድሞ ቢሆን የግራ እግሩ የማይታመን ተፋላሚ ነህ እለው ነበር፣ እሱም አንተ ማንን አውቀህ ታውቃለህና ይለኝ ነበር፣ በዚያ መሐል ነገሩ ይወጣ ነበር።

4ኛ. ሰልፈኛውም ተጎድቷል። ቀድሞ እኔና አሚር ስንከራከር ግማሹ ለቡሬ፣ ግማሹ ለዳልቻ ሆኖ ተራውን ይረሳ ነበር። አሁን የሚያየው ነገር ስለሌለው የሚያየው ተራውን ነው። ባለፈው ሐሙስ አንለይ በተራ ከአንድ ሰው ጋር ተጋጭቶ እናንተው ዘንድ መጥቷል፤ ዛሬም ገና እየሸመገላችሁት እንደሆነ ሰምቻለሁ። ሁለት ጨዋዎችን በማስታረቅ ለቀሪው ሕዝብ መጣያ ጊዜ ስለሰጣችሁ፣ ሥራ እንዳይጠፋብዎም ስላሰቡ፣ እጅ እነሣለሁ።

አምስተኛ ብዬ የጀመርሁት ሌላ ቅሬታ ነበረኝ። ደግሜ ሳነበው በራሴ ላይ ሆኖ ስላገኘሁት ቁጥር አልሰጠሁትም።

ቡሬና ዳልቻ በተፋለሙበት እሑድ ጠዋት ማስተዋልን፣ አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ቅዳሴው ሳይጋመስ እደርሳለሁ ብያት በቀጥታ አሚር ሱቅ ገባሁ። ሁለተኛው ዙር አልቆ ሦስተኛው ሊጀመር ሲል ማስተዋል ነጠላዋን እንዳጣፋች ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ብቅ አለች። እኔ ስለ ጀግኖች የምተነትነው ሰው ከጣቃዎቹ ኋላ ገብቼ ተንበረከክሁ። ማስተዋልም አላለፈችም፤ የቀሚስ ጨርቅ ዋጋ ልትጠይቅ ቆመች። አሚር ጨርቁን እየዘረጋ፣ ዋጋውን እየነገረ፣ ዘመኑን ዛሬ አላየሁትም ብሎ እየዋሸልኝ፣ በጎን ደግሞ ስልኩን እያየ አምስት ደቂቃ አቆያት። እሷ ስትሄድና እኔ አቧራዬን አራግፌ ስወጣ ሦስተኛው ዙር አልቋል።

አዎ፣ ክቡር ሆይ፣ ሦስተኛውን ዙር አላየሁትም። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ነበር የከረምሁት። ስጮህ፣ ጠረጴዛ ስደበድብ፣ ሰው ስሰድብ የኖርሁት ዓይኔ ስላላየው አምስት ደቂቃ ነው፤ ይህንንም ከእኔ ሌላ የሚያውቀው አሚር ብቻ ነው። ጨርቅህን ለካ ስለው፣ አንተ ያን ጊዜ የት ነበርህ ብሎ አንዲት ጥያቄ ቢጠይቀኝ ኖሮ ከዚያ ሰልፈኛ ፊት ዳግመኛ አልቆምም ነበር፤ ቤቴም በሰላም አልገባም ነበር። አልጠየቀኝም። በእናንተም ፊት አላነሣውም። ስሜን ጠብቆልኝ ተሰደበ። እኔ ደግሞ ዝም ሲል መልስ ያጣ መስሎኝ ለሰልፈኛው በዓይኔ ጠቀስሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ባለፈው እሑድ ያን ዙር ብቻዬን ፈልጌ አየሁት። ዳልቻ ቡሬን ከአጥሩ ጋር አጣብቆ አምስቱንም ደቂቃ መፈናፈኛ አሳጥቶታል፤ የሚያከራክር ነገር የለውም። አሚር ልክ ነበር። ይህን ልነግረው የምፈልገው ሰው አንድ ነው፤ ስለ ፍልሚያ ቃል እንዳልተነፍስበት ያስማማችሁኝም ከዚያው ሰው ጋር ነው። ለሌላ ሰው ብነግረው ምን ይረባኛል? ለማሽኑ ነግሬው ነበር፤ ድምፁ ስለሚበልጠኝ አልሰማኝም።

የወሩ የመጨረሻ እሑድ ቡሬና ዳልቻ እንደገና ሊፋለሙ ነው፤ አሚር ዕቃውን የሚጭነው በማግስቱ ሰኞ ነው። ስለሆነም እርቁ ተሰርዞ ወደ ቀድሞ ጠባችን እንድንመለስ፣ ይህ ከአባቶች ወግ ጋር የማይሄድ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የምንጣላበት ፈቃድ እንዲሰጠን፣ እግርዎ ሥር ሆኜ እማጸናለሁ። ማስተዋልም ይህን ደብዳቤ በር ላይ ተለጥፎ ስታነበው ከቅዳሴ በኋላ የሚለውን ቃል እንድታሰምርበት አደራ እላለሁ።

እግዚአብሔር እድሜዎን ያርዝምልን፣ ለሐጂም አላህ ጤናቸውን ይጠብቅልን፤ የምታስታርቁት ሰው አትጡ፣ የምታስታርቁትም ሁሉ እንደ እኔ በሰላም ብዛት የማይታመም ይሁን።

በእርቅዎ ወዳጁን ሊያጣ የደረሰ፣
ከሠላሳ አንድ ሰባት ያወቀ፣
እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ትእዛዝዎን አክባሪ፣
ዘመኑ፣ ተንታኙ

ማስታወሻ፦ በእርቁ ዕለት ቃሉን ያፈረሰ አንድ በግ ይቀጣል ብላችሁ መወሰናችሁን አልረሳሁም። መልስዎ እስኪመጣ ጊዜ ስለማይበቃኝ ነገ ጠዋት አሚር ሱቅ ገብቼ፣ ሦስተኛው ዙር የዳልቻ ነበር፣ ይቅር በለኝ፣ አምስተኛውን ግን ዘርፋችሁናል እለዋለሁ። ቅጣቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በደጃፍዎ አስሬያለሁ። እርስዎ ያረዱትን ሐጂ ስለማይበሉ፣ ሐጂ ያረዱትንም እርስዎ ስለማይቀምሱ፣ እንድትታረድ ሳይሆን እንድትኖር አስቤ ያረገዘች በግ መርጫለሁ፤ ቃሌን የማፈርሰው አንድ ቀን ብቻ እንደማይሆን ራሴን አውቀዋለሁና ግልገሏም ለሚቀጥለው ጥፋቴ ይያዝልኝ።