ሳይከፈት የሚደርቀው ዓሣ

ይድረስ ለልጄ። ብዕሩን የያዘችው ጎረቤታችን በረዶ ሻጯ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትሽ ነው። አታሳምሪው ብያታለሁ።

ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ? ባልሽስ? ትንሿስ እንቅልፍ ትሰጣችኋለች? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

በቀደም ደውለሽ፣ በያዝሽው ጥናት የባሕር ዓሣ ደቃቅ ፕላስቲክ እየዋጠ መሆኑን አግኝቻለሁና ትንንሾቹን ከነሆድ ዕቃቸው አታድርቁ ስትዪኝ፣ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። ጣት የምታህል ዓሣ ማን ይከፍታል? እኛ የምናውቀው አጥበን፣ ጨው ነስንሰን፣ እንዳለች ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። በዓሣ ያሳደግኳት ልጅ ዓሣዬን ሰደበችብኝ ብዬ አንጀቴ አረረ። ኋላም ለእናትሽ፣ የአባዬን ገበያ የሚዘጋበት ከሆነ ጥናቱን እተወዋለሁ ማለትሽን ሰማሁ።

እልኸኛ መሆኔን ታውቂያለሽ። ሐሙስ ዕለት ዓሣ ማስጫው ላይ አብረውን የሚያደርቁትን ሴቶች ሰብስቤ፣ ኑ ልጄ መሳሳቷን ላሳያችሁ ብዬ ፎከርኩ። ከራሴ መረብ የወጡትን፣ ወፋፍራሞቹን መረጥኩ። ሆዳቸውን ከፍቼ ነጭ ሳህን ላይ አጠብኩት። ውሃው ሲጠል ከሥሩ ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? ከፀጉር የቀጠነ ሰማያዊ ክር፣ ደግሞም የፌስታል ብጣሽ! ጨው ነጋዴዋ ተንከትክታ፣ አባባ፣ ዓሣዎ ልብስ ሊሰፋ አስቧል እንዴ አለችኝ። የምገባበት ጠፋኝ። ኋላ ግን እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ትንንሾቹንም እየከፈትን ነው የምናደርቀው። ጣት ይልጣል፤ ግን ያ የሆድ ዕቃው ምሬት ለቀቀው። ገዢም አልሸሸም፤ እንዲያውም የተከፈተውን እየመረጠ ይወስዳል። እናትሽማ፣ ድሮም ይመራል ስልህ መች ሰማኸኝ እያለች መሳቂያ አድርጋኛለች።

ስለዚህ ልጄ፣ ጥናትሽን እንዳትተዪ። የማንም ገበያ ቢዘጋ፣ የእኔም ቢሆን፣ እንዳትተዪ። ልጁን አስተምሮ፣ ልጁ መልሳ ስታስተምረው ለማየት የበቃ ስንት አባት አለ? እኔ በቃሁ፤ ተመስገን። አመሰግንሻለሁ። ይኼን በስልክ እንዳልልሽ ድምፅሽን ስሰማ ወሬውን ወደ ዓሣ ዋጋ እመልሰዋለሁ፤ ያስጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ባልሽን እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ፤ ሳኮርፍ አይዞሽ ያለሽ እሱ ነው አሉ። የትንሿን ጉንጭ ሳሚልኝ። እናትሽ ሁላችሁንም አገላብጣ ትስማችኋለች። በረዶ ሻጯም ሰላም ብላለች።

አባትሽ፣ ከዓሣ ማስጫው ዳር፣ ጥር ሊያልቅ ሲል።

በይ እንግዲህ በረዶ ሻጭ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። እንዳትተዪ ያልኩበት ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው።