የደሴቲቱ ገጽ እርማት

ለልጄ እናት፣

እንዴት ሰነበትሽ? ደረጃ ስትወጪ ጉልበትሽን አሁንም ያምሻል? የግቢው በር ማጠፊያስ ተሠራ ወይስ ዛሬም በትከሻሽ እየገፋሽ ነው የምትከፍችው? እኔ ደህና ነኝ። ጨጓራዬ ብቻ አልፎ አልፎ ይነሳብኛል፤ እሱም ከሰው ጅልነት እንጂ ከምግብ አይደለም። ልጃችንም ደህና ናት። ሆዷ ገፍቶ ጫማዋን ማሰር አቅቷታል። ባሏ ነው የሚያስርላት፤ እሱም ቋጠሮ አያውቅም።

ለመምጣት እንዳሰብሽ ነገረችኝ። «እማዬ መጀመሪያ ስለ አገሩ ማወቅ ትፈልጋለች። አየሩን፣ ቋንቋውን፣ ባህሉን፣ ገንዘቡን ጻፍላት፤ ደግሞ እንዳትነዘንዛት» አለችኝ። አንቺም «አራሷን ለማየት አንድ ወር እመጣለሁ፤ ከዚያ ሰውዬ ጋር ግን አንድ ጣራ ሥር አላድርም» ማለትሽን ሰምቻለሁ። ለእሱም መልስ አለኝ። አስቀድሜ ግን የተጠየቅኩትን ልመልስ።

አሁን የምንኖርባትን ይህችን ደሴት እኮ ድሮ እናውቃታለን። ማተሚያ ቤቱ ጀርባ በነበረችው ጠባብ ክፍል፣ የጂኦግራፊውን መጽሐፍ ስናርም ትዝ ይልሻል? አንቺ የደራሲውን ጽሑፍ ጮክ ብለሽ ታነቢያለሽ፤ እኔ የታተመውን በቀይ እስክሪብቶ እከተላለሁ። እንደ ሙያችን ደንብ ነጥቦቹን ሁሉ እየጠራሽ ነበር፦ «ደሴቲቱ በውሃ የተከበበች ስትሆን ነጠላ ሰረዝ ሕዝቧ እንግዳ ተቀባይ ነው አራት ነጥብ።» እኔ «ደሴት በውሃ ካልተከበበች በምን ልትከበብ ነው?» ብዬ ስጮህ፣ አንቺ ሳቅሽን መያዝ አቅቶሽ ወረቀቱን ፊትሽ ላይ ደፋሽው። እንደዚያ ስትስቂ ሳይሽ የመጀመሪያዬ ነበር። ከተጋባን በኋላም ልማዱ አለቀቀንም። ሱቅ ስትልኪኝ «ሽንኩርት ነጠላ ሰረዝ ዘይት» ትይኝ ነበር። ስንጣላም «አልሰማህም አራት ነጥብ» ብለሽ በሩን ትዘጊው ነበር። እዚህ ጋዜጣ ሳነብ ነጥቦቹ እስከ ዛሬ በአንቺ ድምፅ ነው የሚሰሙኝ።

መጽሐፉ ቋንቋቸው «ለመማር ቀላል ነው» ይላል። ደራሲው እዚህ ዳቦ ገዝቶ አያውቅም! ሰዎቹ የቃሉን ግማሽ ይውጡታል። ዲግሪዬን ይዤ በጣቴ እየጠቆምኩ ነው የምገዛው። ሻጯም «አባባ፣ ይሄን? ወይስ ይሄን?» እያለች እንደ ሕፃን ታስመርጠኛለች። አንቺ ጆሮ አለሽ፤ ቶሎ ትይዢዋለሽ።

ባህላቸውን በተመለከተ፣ ሲናደዱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ ነኝ። ጎረቤታችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ልጃችንን ደጃፍ ላይ አግኝቷት «አባትሽ ማታ ማታ ከማን ጋር ነው የሚጣሉት?» ቢላት «ከራዲዮው ጋር» አለችው። «ራዲዮውስ ምን አላቸው?» ብሎ ጠየቀ አሉ፣ በአዘኔታ።

ገንዘባቸው ሳንቲም ይበዛዋል፤ ሳንቲሙም ወፍራም ነው። የኮቴን ኪስ ቀዶ ጨረሰው። ራሴ ሰፋሁትና ልጃችን አይታ «አባዬ፣ ይሄ ስፌት ነው ወይስ ቁስል?» አለችኝ። ኪስ ከውስጥ በድርብ ጨርቅ እንደሚሰፋ አንቺ ስትሰፊ አይቻለሁ። ለካ ስፌት በማየት ብቻ አይለመድም።

አሁን ወደ ጣራው እንምጣ። እኔ የማድረው ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ በሯ ወደ ግቢ በሚከፈት ትንሽ ክፍል ነው። የክፍሏ ጣራ ቆርቆሮ ነው፤ የትልቁ ቤት ሸክላ ነው። ስለዚህ በትክክል እንነጋገር ከተባለ ጣራችን አንድ አይደለም። ለአንቺ የተዘጋጀው ክፍል ትልቁ ቤት ውስጥ ነው። መስኮቱን ነፋስ አይመታውም፤ አልጋውም አይንቋቋም፤ ተገላብጬበት አረጋግጫለሁ።

አየሩን ሆን ብዬ ነው መጨረሻ ያደረግኩት። «ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ» ይላል መጽሐፉ፤ እኛም አንብበን አሳልፈነዋል። ውሸት ነው። ዝናቡ የሚመጣው ከጎን ነው፤ ጃንጥላ ከንቱ ነው፤ ግራጫውን ካፖርትሽን ያዢ። ደግሞ የምትመጪበት ወር የዓመቱ ክፉ ወር ነው። ባሕሩ አመድ ይመስላል፤ ልብስ አይደርቅም፤ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል። ከዚያ በኋላ ነው ነፋሱ የሚቆመው። ሽማግሌዎቹ ወንበራቸውን ወደ በረንዳ ያወጣሉ፤ ማታ ማታ ውሃው ጭጭ ይላል፤ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ኮቴ ከሩቅ ይሰማል። ይህን ሳታይ ብትመለሺ ስለዚህ አገር የምታወሪው ሁሉ ስህተት ይሆናል። የአንድ አገር አየር ንብረት በአንድ ወር አይታወቅም፤ ቢያንስ ዓመቱ ዞሮ መታየት አለበት። ይህን የምለው ለትክክለኛነት ስል ብቻ ነው። ትኬትሽን ስገዛ ለሻጩም በዝርዝር አስረዳሁት። መጀመሪያ አልገባውም ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስነግረው ግን የመመለሻሽን ቀን ክፍት ተወው።

ልጃችንን በሰላም ያገላግልልን። አንቺንም ባሕሩንና ሰማዩን በደህና ያሻግርሽ፤ ጉልበትሽንም ያበርታልሽ።

የልጅሽ አባት